ለማንና ለምን ተጻፈ? የሉቃስን ወንጌል በታሪክ ትምህርት ስለ ማንበብ

ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ላይ ከሐርጌሳ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የጻፉልን ከማሠልጠኛ ተቋማችን ተመርቀው የወጡና አሁን በዚያች ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምሩ ባልደረባችን ናቸው። ስለ አክሱም መንግሥት በሚያስተምሩበት ክፍለ ጊዜ፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ክርስትና መግባቱንና ከዚያም በኋላ አራቱ ወንጌላት ከጽርእ ወደ ግዕዝ መተርጐማቸውን ለተማሪዎቻቸው ይነግሯቸዋል። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መዓሊን፣ እኛ የተማርነው ኢንጂል አንድ መሆኑን ነው፤ እንዴት አራት ሊሆን ቻለ?» ሲል ጠየቀ። «መዓሊን» በሶማልኛ መምህር ማለት ነው።

ባልደረባችን ያን ዕለት ለልጁ በቂ መልስ አልሰጡትም። በማግሥቱም የልጁ አባት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ በትሕትና፣ «መዓሊን፣ ለልጆቻችን የሚያስተምሩት ታሪክ ከሆነ ደስ ይለናል፤ ስብከት ከሆነ ግን ይቅርብን» አሏቸው። እንግዲህ የባልደረባችን ጥያቄ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ለልጁ ምን ልበለው? ሁለተኛ፣ ወንጌልን የመሰለ መጽሐፍ ስብከት ሳያደርጉ፣ ነቀፋም ሳያደርጉ፣ በታሪክ ክፍል ውስጥ ማንበብ ይቻላልን?

ጥያቄው የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። በደሴም፣ በጅማም፣ በሐረርም የክርስቲያንና የእስላም ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። መምህሩ በዚህ ረገድ አንድ ቃል ቢሳሳት፣ የሚጐዳው የዕለቱ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ልጆቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው መከባበርም ጭምር ነው። ነገሩን ሸሽቶ ማለፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱም የአክሱምን፣ የዛጉዌን ወይም የሸዋን ነገሥታት ታሪክ ወንጌልን ሳያነሡ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ መልሳችንን ለመላው አንባብያን እንዲሆን በዚህ መጽሔት ላይ ማውጣቱን መርጠናል። ምሳሌ አድርገን የምንወስደው የሉቃስን ወንጌል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ስሙና ቁጥሩ

«ወንጌል» የሚለው ቃል «ኤዋንጌልዮን» ከሚለው የጽርእ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የምሥራች ማለት ነው። «ኢንጂል» የሚለውም የዐረብኛ ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ እንዲያውም ወደ ዐረብኛ የገባው በግዕዙ በኩል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ስለሆነም የሐርጌሳው ተማሪና የአክሱም ዲያቆን በሥሩ አንድ የሆነ ቃል ይናገራሉ። የቃሉ አገባብ ግን ይለያያል። በቁርኣን ውስጥ ኢንጂል 12 ጊዜ የተጠቀሰ ሲሆን፣ በእስልምና ትምህርት ለዒሳ ከአምላክ የተሰጠ አንድ መጽሐፍ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድ ግን ቃሉ መጀመሪያ የሚያመለክተው የሚነገረውን የምሥራች ነው። የምሥራቹ አንድ ነው፤ አራት የሆኑት ስለ እርሱ የተጻፉት ምስክርነቶች ናቸው። ጥንታውያኑ የጽርእ ቅጂዎች አርእስታቸውን «ወንጌል እንደ ማቴዎስ»፣ «ወንጌል እንደ ሉቃስ» እያሉ የሚጽፉትም ስለዚህ ነው።

የልጁ ጥያቄ ደግሞ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በ2ኛው ምዕተ ዓመት በ170 ገደማ ታቲያን የተባለ ሰው አራቱን ወንጌላት አዋሕዶ አንድ ተከታታይ ታሪክ አደረጋቸው። ይህ «ዲያቴሳሮን» የተባለው መጽሐፍ በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት እስከ 5ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ይነበብ ነበር። በአንጻሩ በ180 ገደማ የሊዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ ወንጌላት አራት መሆን እንዳለባቸው አጥብቆ ተከራክሯል። በመጨረሻ የጸናው የሄሬኔዎስ ሐሳብ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ክርስቲያኖች ምስክርነቶቹ በአንዳንድ ቦታ እንደሚለያዩ እያወቁ፣ ልዩነታቸውን ከማጥፋት ይልቅ እንዳሉ ማቆየትን መርጠዋል።

በ4ኛው ምዕተ ዓመት የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ለማነጻጸር የሚያስችል ዘዴ አበጀ። ወንጌላቱን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በቁጥር ካመለከተ በኋላ፣ የትኛው ታሪክ በአራቱም፣ የትኛው በሦስቱ፣ የትኛው በአንዱ ብቻ እንደሚገኝ በ10 ሰንጠረዦች አሳየ። ይኸው ሰንጠረዥ ወደ አገራችንም ገብቷል። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ሁለቱ ጥንታውያን የግዕዝ ወንጌላት የሚከፈቱት በአምዶችና በቅስቶች መካከል በቀለም በተጻፉት በእነዚህ ሰንጠረዦች ነው። ስለ መጻሕፍቱ ዕድሜ ቀድሞ ብዙ ተመራማሪዎች ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ብዙም አያልፍም ይሉ ነበር፤ በኋላ ግን ብራናው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል።

፪. ሉቃስ ዓላማውን ራሱ ይናገራል

አንድ የታሪክ መምህር ማናቸውንም ሰነድ ሲይዝ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ከምን አግኝቶ ጻፈው? ብሎ ይጠይቃል። ከአራቱ ወንጌላት መካከል ዮሐንስ በመጽሐፉ መጨረሻ አጠገብ ዓላማውን ይገልጣል፤ ዓላማውንም ዘዴውንም በመቅድም የሚያስረዳው ግን ሉቃስ ብቻ ነው።

መቅድሙ አራት ቁጥር ብቻ ነው። በውስጡ የሚገኘው ፍሬ ነገር ሲጠቃለል እንደሚከተለው ነው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሞክረዋል። ታሪኩ ከመጀመሪያው በዓይናቸው ካዩት ሰዎች የተላለፈ ነው። ሉቃስ ሁሉን ከሥሩ ተከታትሎ መርምሯል፤ በቅደም ተከተልም ይጽፋል። የሚጽፈውም ቴዎፍሎስ ለተባለ ሰው ሲሆን፣ ዓላማው ቴዎፍሎስ አስቀድሞ የተማረው ነገር የተረጋገጠ መሆኑን እንዲያውቅ ነው።

እነዚህን ነጥቦች ልብ ብሎ ለሚያያቸው ብዙ ትምህርት ይገኝባቸዋል። ሉቃስ ራሱን ከዓይን ምስክሮች ጋር አይቆጥርም፤ ከእነርሱ የተቀበለ መሆኑን ይናገራል። ከእርሱ በፊት የተጻፉ ጽሑፎች መኖራቸውንም አይሸሽግም። ቴዎፍሎስን የሚጠራበት የክብር ስም ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ለሮማውያን አገረ ገዢዎች ለፊልክስና ለፊስጦስ የተሰጠው ያው ስም ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። መቅድሙ የተጻፈበትም የጽርእ ስልት በዘመኑ የነበሩ የታሪክና የጥበብ መጻሕፍት የሚጀምሩበት ዓይነት ነው። በአጭሩ፣ ሉቃስ አማኝ ሆኖ ለማሳመን ይጽፋል፤ ነገር ግን መርምሬ ጻፍሁ ይላል። ተማሪው ሁለቱንም ሊያውቅ ይገባዋል።

፫. የመጽሐፉ ዋና ዋና ሐሳቦች

የአንድን ጸሐፊ ዓላማ ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ፣ ሌሎቹ ያልጻፉትን እርሱ ብቻ የጻፈውን ለይቶ መመልከት ነው። የአውሳብዮስ ሰንጠረዥ የተሠራው ለዚህም ነው። ሉቃስን በዚህ መንገድ ስናየው የሚከተሉት ሐሳቦች ጐልተው ይታያሉ።

ሀ) የድሆች ነገር። የልደቱን ዜና መጀመሪያ የሚሰሙት መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። በ4ኛው ምዕራፍ ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ አንብቦ ለድሆች የምሥራች ለመናገር መላኩን ይገልጣል። በ16ኛው ምዕራፍ በባለጠጋው ደጅ ስለ ወደቀው ስለ አልዓዛር የተነገረው ምሳሌ በሉቃስ እንጂ በሌሎቹ አይገኝም።

ለ) የተናቁና የባዕዳን ነገር። አይሁድና ሳምራውያን በዚያ ዘመን የማይተባበሩ ሕዝቦች ነበሩ። ሆኖም በ10ኛው ምዕራፍ በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ ላይ ለወደቀው ሰው የሚራራለት ካህኑ ወይም ሌዋዊው ሳይሆን ሳምራዊው ነው። በ15ኛው ምዕራፍ የጠፋው ልጅ፣ በ19ኛው ምዕራፍ ደግሞ የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ይገኛሉ። እነዚህም ሦስቱ የሉቃስ ብቻ ናቸው።

ሐ) የሴቶች ድርሻ። ኤልሳቤጥ፣ ማርያምና ነቢይቱ ሐና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይናገራሉ። በ8ኛውም ምዕራፍ መግደላዊት ማርያም፣ ዮሐናና ሶስና ከሌሎች ሴቶች ጋር በገንዘባቸው ያገለግሉ እንደነበር በስም ተጠቅሷል።

መ) የመንገዱ አቅጣጫ። ወንጌሉ የሚጀምረው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሲሆን የሚፈጸመውም እዚያው ነው። ሉቃስ ለዚያው ለቴዎፍሎስ የጻፈው ሁለተኛው መጽሐፍ፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ሮማ ይደርሳል። ይህም የምሥራቹ ከአንድ ሕዝብ ወደ ሕዝቦች ሁሉ መውጣቱን ለማሳየት ነው።

በዚህ በሁለተኛው መጽሐፍ በ8ኛው ምዕራፍ ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ጠባቂ የሆነው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘዋል፤ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነም ይጠይቀዋል። ሰውየው የሚመራው ካላገኘ እንዴት እንደሚችል መልሶ ይጠይቃል። እዚህ ላይ መምህሩ ማስረዳት ያለበት ነገር አለ። በዚያ ዘመን በጽርእ «ኢትዮጵያ» የሚባለው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው አገር ሲሆን፣ «ህንደኬ» የተባለውም ስም በዛሬው ሱዳን በምትገኘው በመርዌ የነገሡ ሴቶች የማዕረግ ስም ነበር። ስለዚህ የታሪክ ሊቃውንት ጃንደረባውን ከመርዌ መንግሥት ጋር ያያይዙታል። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ የራሷ አድርጋ ታስበዋለች። ተማሪው ሁለቱንም መስማት ይኖርበታል።

፬. የታሪክ ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች

ሉቃስ ታሪኩን ከዘመኑ ገዢዎች ጋር ያያይዛል። በ3ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት ብሎ፣ ጲላጦስን፣ ሄሮድስን፣ ፊልጶስንና ሊሳንዮስን፣ ሊቃነ ካህናቱን ሐናንና ቀያፋንም ይጠቅሳል። ጢባርዮስ የነገሠው በ14 ስለሆነ፣ ይህ 28 ወይም 29 ገደማ መሆኑን ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።

አስቸጋሪ የሆነ ቦታም አለ። ሉቃስ የዮሐንስን መወለድ ዜና በይሁዳ ንጉሥ በሄሮድስ ዘመን ያደርገዋል፤ ኢየሱስ የተወለደበትን የሕዝብ ቈጠራ ደግሞ ቄሬኔዎስ ሶርያን ይገዛ ከነበረበት ጊዜ ጋር ያያይዘዋል። ሄሮድስ የሞተው በ4 ዓመተ ዓለም፣ ከልደት በፊት መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ የሚናገረው የቄሬኔዎስ ቈጠራ ግን በ6 ዓመተ ምሕረት የተደረገ ነው። ከፊሎቹ ሉቃስ ሁለት ጊዜያትን አቀላቅሏል ይላሉ፤ ከፊሎቹ ቀድሞ የተደረገ ሌላ ቈጠራ ነበር ይላሉ፤ ሌሎችም የጽርኡ ዐረፍተ ነገር «ከቄሬኔዎስ በፊት» ተብሎ ሊተረጐም እንደሚችል ይናገራሉ። መምህሩ ይህን ሲያነሣ ለመንቀፍ ሳይሆን ሰነድ ከሰነድ ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን ለማሳየት መሆን አለበት።

ስለ ጸሐፊውም ቢሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ አልተጻፈም። ጸሐፊው የጳውሎስ ባልንጀራ የነበረው ባለመድኃኒቱ ሉቃስ መሆኑን ከ2ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የነበሩ አባቶች፣ ከእነርሱም ሄሬኔዎስ፣ ይመሰክራሉ። ብዙዎቹ የዛሬ ሊቃውንት መጽሐፉ የተጻፈው ከ80 እስከ 90 ባለው ጊዜ፣ ማለትም ኢየሩሳሌም በ70 ከጠፋች በኋላ ነው ሲሉ፣ ከዚያ ቀደም የሚያደርጉትም ወደ ኋላ የሚያዘገዩትም አሉ።

፭. በአገራችን እንዴት ተነበበ?

ለማንና ለምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ ከውጭ የመጣ ልማድ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወደ ትርጓሜ ቤት ጎራ ይበል። ትርጓሜ መጻሕፍት በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ይኸውም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት ነው። በሐዲስ ጉባኤ መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ይተረጕሙና «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ይጨምራሉ። ደቀ መዝሙሩ አንዱን ፍቺ ይዞ ሌላውን አይጥልም። አራቱንም ወንጌላውያን በአራቱ እንስሳ መስለው፣ ማቴዎስን በገጸ ሰብእ፣ ማርቆስን በገጸ አንበሳ፣ ሉቃስን በገጸ ላህም፣ ዮሐንስን በገጸ ንስር እያደረጉ የየአንዳንዱን ጠባይ ለይተው ያስተምራሉ። ላህም የመሥዋዕት እንስሳ በመሆኑ፣ በካህኑ በዘካርያስ አገልግሎት ለሚጀምረው ለሉቃስ መሰጠቱ ተስማሚ ነው።

ወንጌል በአገራችን ሌላም አገልግሎት ነበረው። በደሴ አጠገብ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም 1281 ያስጻፉት ወንጌል ይገኛል። በዚህ ወንጌል ውስጥ ከአራቱ መጻሕፍት ሌላ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። በብዙ አድባራትም የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ወሰኑና ምስክሮቹ ሁሉ በ«ወንጌል ዘወርቅ» ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገቡ ነበር፤ ምክንያቱም በወንጌል ላይ የተጻፈውን ሊፍቅ የሚደፍር አይኖርም ተብሎ ይታመን ነበር። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት የመካከለኛውን ዘመን ታሪካችንን ሲጽፉ በእንደዚህ ዓይነት ማስታወሻዎች ብዙ ተጠቅመዋል። እንግዲህ ወንጌል ለምእመኑ የጸሎት መጽሐፍ፣ ለገዳሙ መዝገብ፣ ለታሪክ መምህሩም ሰነድ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

፮. ለሐርጌሳው ክፍል

አሁን ወደ ባልደረባችን ጥያቄ እንመለስ። ለሐርጌሳው ክፍል ከሉቃስ የምንመርጠው የ1ኛውን ምዕራፍ መጀመሪያ ነው። ካህኑ ዘካርያስ ዕጣ ደርሶት ዕጣን ሊያጥን ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል፤ በእርጅናው ልጅ እንደሚወልድ ይነገረዋል፤ ልጁም ዮሐንስ እስኪወለድና ስም እስኪወጣለት ድረስ አንደበቱ ይዘጋል። ይህን ታሪክ ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈው ሉቃስ ብቻ ነው። የሐርጌሳ ልጆችም ታሪኩን ያውቁታል፤ ምክንያቱም 19ኛው የቁርኣን ምዕራፍ፣ ሱራ መርየም፣ የሚጀምረው በዘከሪያና በልጁ በየሕያ ታሪክ ነው። በዚያም ለዘከሪያ የተሰጠው ምልክት ሦስት ሌሊት ሰውን አለማነጋገር ነው። ልጆቹ ሁለቱን ጐን ለጐን አድርገው የሚመሳሰለውንና የሚለየውን በሁለት ዓምድ ይጻፉ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው ፍርድ የታሪክ ክፍል ሥራ አይደለም።

ይህ ንባብ ከኢትዮጵያ ታሪክም ጋር ይገናኛል። ኢብን ኢስሐቅ እንደ ዘገበው፣ በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም የመጡት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በነጃሺ ፊት ሲቀርቡ፣ ጃዕፈር ያነበቡላቸው የዚሁ የሱራ መርየም መጀመሪያ ነበር፤ ንጉሡም ጳጳሳቱም ሰምተው አለቀሱ ይላል። የሁለቱ ሃይማኖቶች ሰዎች በምድራችን መጀመሪያ ሲገናኙ መካከላቸው የተነበበው፣ ከወንጌላቱ ሉቃስ ብቻ የጻፈው የዘካርያስ ታሪክ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሌላም ቅርብ የሆነ መነሻ አለ። ሉቃስ ስለ ዕጣን በሚጽፍበት በ1ኛው ምዕተ ዓመት፣ ፔሪፕለስ የተባለው የጽርእ የባሕር ንግድ መምሪያም ተጽፏል። በዚህ መጽሐፍ ማላኦ የምትባለው ወደብ፣ ብዙዎች የዛሬዋ በርበራ ናት የሚሏት፣ ከርቤና ጥቂት ዕጣን ወደ ውጭ እንደምትልክ ተመዝግቧል። ዕጣን በሐርጌሳ ቤቶች እስከ ዛሬ ይጨሳል። መምህሩ ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ልጆቹ የ1ኛውን ምዕተ ዓመት ዓለም ከቤታቸው ሽታ ተነሥተው ያውቁታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ለባልደረባችን ጽፈን ላክንላቸው። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣልን። ልጆቹ ሁለቱን ዓምዶች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ራሳቸው ሞልተዋል። ጥያቄውን ያነሣው ልጅም፣ «እንግዲያው ሉቃስ መጽሐፉ ከሰማይ ወረደልኝ አይልም፤ ጠይቄ ጻፍሁ ነው የሚለው» ብሎ ተናግሯል። ባልደረባችን እንደሚሉት ሉቃስ ስለ ራሱ የሚለው በእውነት ይህንኑ ነው፤ ክርስቲያኖች በዚህ ላይ ጸሐፊው በመንፈስ ቅዱስ ተመርቷል ብለው እንደሚያምኑ፣ ሙስሊሞችም ስለ ኢንጂል ሌላ እምነት እንዳላቸው አክለው ነገሯቸው። አባትየውም የልጃቸውን ደብተር አይተው መመለሳቸውንና ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አለማንሣታቸውን ጽፈውልናል።

በእኛ አስተያየት የታሪክ መምህር ግዴታ ይህን ያህል ነው። አማኙ የሚያምነውን በትክክል መናገር፣ ሰነዱ ስለ ራሱ የሚለውን በትክክል ማንበብ፣ ሌላው ሰነድ የሚለውን አለመደበቅ። እነዚህን ሦስቱን የጠበቀ መምህር በየትኛውም ከተማ ወላጅ ቢመጣበት ደብተሩን ከፍቶ ማሳየት ይችላል።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሉቃስ በመቅድሙ ስለ ጽሑፉ ምንጮች ምን ይላል? ይህን አንድ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊ በመቅድሙ ከሚጽፈው ጋር አነጻጽሩ።

2. በሉቃስ ብቻ የሚገኙ ሦስት ታሪኮችን ጥቀሱ። ከእነርሱ ተነሥታችሁ የጸሐፊውን ዓላማ ግለጹ።

3. የዘካርያስን ታሪክ በሉቃስ 1ኛ ምዕራፍና በሱራ መርየም አንብባችሁ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን በሁለት ዓምድ ጻፉ።

4. በአካባቢያችሁ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚጠበቁ ጥንታውያን መጻሕፍት ካሉ፣ ከዋናው ንባብ ሌላ ምን ዓይነት ማስታወሻ እንደተጻፈባቸው ከአባቶች በፈቃድ ጠይቃችሁ ለክፍላችሁ አስረዱ።